በበጎ ፈቃድ ለምትመጡ የጤና ልጆቻችን

ልጆቼ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጋዋናችሁን ይዛችሁ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወዳለችው ክሊኒካችን ብቅ ስትሉ ደስ ይለኛል። የማልወደው ግን ድንኳን ተተክሎ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ግፊት ተለክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ በማግስቱ የሚበተነውን ዘመቻ ነው። አንዲት የጉሊት ነጋዴ «ግፊትሽ 180 በ110 ነው» ተብላ ብትሸኝ ምን ይበጃታል? ጭንቀት ተሸክማ ትሄዳለች እንጂ አልታከመችም። እንድትመለስ የሚያደርጋት ካርዷ ተከፍቶ ቀጠሮዋ ሲጻፍ፣ በቀጠሮዋ ስትቀርም ደውሎ «ምን ሆንሽ?» የሚላት ሰው ሲኖር ነው። መድኃኒት ያቆመች ሁሉ ግዴለሽ አይደለችም፤ «ተሻለኝ» ብላም፣ ገንዘብ አጥሯትም ይሆናል። ሳትቆጡ ጠይቋት።

እኛ ዘንድ የሚመጣው አብዛኛው መድኅን የሌለው ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ሕዝብ ነበር። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። ሥርዓቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምዝገባው በነዋሪነት ስለሚሄድ፣ ሥራ ፍለጋ አዳማ የገባ የቀን ሠራተኛ፣ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ መታወቂያ ያላወጣ ተከራይ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ከግፊት መለኪያው በፊት «መታወቂያ አለህ? መድኅንስ?» በሉ። የምዝገባው ወቅት ካላለፈ ወደ ቀበሌው ምሩት፤ ካልቻለ አብራችሁት ሂዱ። ታካሚያችን መድኅን ውስጥ ገብቶ ከእኛ ቢሄድ ክሊኒኳ አትጎዳም፤ ወረፋው ላልቶ ለሌላው እንደርሳለን። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ክትባት፣ በጤና ጣቢያ መውለድ ከክፍያ ነፃ መሆናቸውን የማያውቅም ብዙ ነው። እሱን መንገር ምንም አያስወጣንም።

የእምነት ቤት ክሊኒክ ከሌላው የምትለይበትን ልንገራችሁ። ጸበል ጀምሮ መድኃኒቱን የሚተው ታካሚ ያጋጥማችኋል። አትሟገቱት፤ ዶክተር ሲሟገተው እልኸኛ ይሆናል። ነፍስ አባቱን ጥሩለት። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ከተናገሩ ወዲህ ብዙ ካህናት ይህን ያግዙናል። የስኳር ታካሚ በጾምም ሆነ በረመዳን ምን እንደሚበላ፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ አስቀድሞ ይነገረው። አዎ፣ ሙስሊሞችም ይመጣሉ፤ ካርዱ ላይ ሃይማኖት አይጠየቅም፣ ከምርመራ በፊትም ስብከት የለም። ፍሪጅ የሌላት እናት በዚህ ሙቀት ኢንሱሊኗን በረጠበ የሸክላ ዕቃ እንዴት እንደምታቆይ ማሳየት ይቅደም።

የዛሬው አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1946 ሜኖናይት በሚባሉ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ሚሲዮን የተጀመረው የቀድሞው የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል ነው። ሚሲዮኑ ሲያክም ድሬሰሮችንም፣ ማለትም የሕክምና ረዳቶችን፣ ያሠለጥን ነበር። እኔ ከሁሉ የምቀናው በዚህ ነው፤ ሆስፒታሉ በኋላ ወደ መንግሥት ሲዞር እንኳ ሙያው ከሰዎቹ ጋር ቀረ። እናንተም ወደ ትምህርታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ግፊት መለካትና የቀጠሮ መዝገብ መያዝ አስተምሯቸው። ከሁለት ሳምንት ቆይታችሁ አንዱ ሳምንት ለዚህ ቢውል አይበዛበትም።

መድኃኒት ለመለገስ ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁን። የግፊቶቹ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል፣ የስኳሩ ሜትፎርሚን፣ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ሁልጊዜ ያልቁብናል። ማብቂያው የደረሰ የቫይታሚን ሽሮፕ በካርቶን አታምጡልን፤ ማስወገጃው እኛን ነው የሚያስጨንቀን።