ጥያቄና መልስ፦ ኦፔራውን እምቢ ያለው ሐዛን

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ዲያቆን ነኝ፤ ድምፄን ሰው ይወደዋል። ሰሞኑን አንድ ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እንድዘፍንለት ጠየቀኝ፣ ክፍያውም ደህና ነው። ጓደኛዬ ግን ዮሴሌ ሮዘንብላት የሚባል የአይሁድ ጸሎት መሪ በስልኩ አሰማኝና «ይሄ ሰውዬ ኦፔራ ሲጠራው እምቢ ብሏል» አለኝ። እውነት ነው? ለምን? በምንስ ኖረ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት ነው። ግን «እምቢ አለ» ብለን ካቆምን ግማሹን ነው ያወራነው።

በምኩራብ ጸሎቱን በዜማ የሚመራው ሰው ሐዛን ይባላል። እኛ ዘንድ ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ እንደሚቀበለው፣ እሱም ያዜማል፣ ጉባኤው «አሜን» ይላል። አይሁዶች የጉባኤው መልእክተኛ ይሉታል። ዜማው እንዳሻው አይደለም፤ አንተ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን እንደየወቅቱ እንደምትለየው ሁሉ እሱም ለሰንበት፣ ለአዘቦት፣ ለበዓል የየራሱ ስልት አለው። (የእኛ አገር ቤተ እስራኤሎች ሌላ ናቸው፤ እነሱ ዘንድ በግዕዝ የሚያዜሙት ቄሶቻቸው ነበሩ።)

ዮሴሌ በ1882 እ.ኤ.አ. ዩክሬን ውስጥ ተወለደ። አባቱም ሐዛን ነበር፤ ልጁን ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር፣ ሰዉም ያንን ትንሽ ልጅ ለመስማት ይጎርፍ ነበር። አድጎ ብራቲስላቫና ሃምቡርግ አገለገለ። በ1912 ኒውዮርክ ሄዶ ሃርለም በሚገኘው ኦሃብ ጼዴቅ ምኩራብ ተቀጠረ።

ትናንት ማታ ፈረንጅ አራዳ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ደግሜ ሰማሁት። የድሮ ሸክላ ስለሆነ ይንሿሿል። ድምፁ ረጋ ብሎ ይጀምርና ሳታስበው ቀጥኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሳግ እንደያዘው ሰው ስብር ይላል። ቡና ስትወቅጥ የነበረችው ጎረቤቴ፣ ቋንቋውን አንድ ቃል ሳታውቅ፣ ዘነዘናውን ይዛ ቆመች። አዛን ሲጀምር ዘጋሁት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በ1918 የቺካጎ ኦፔራ አንድ አይሁዳዊ አባትን ሆኖ እንዲጫወት ጠየቀው። በአንድ ምሽት 1,000 ዶላር! ጺምህን አትላጭም፣ ዓርብ ማታና ቅዳሜ አትሠራም ብለውም ቃል ገቡለት። ያም ሆኖ አልሄደም። ምኩራቡም ቅዱስ አገልግሎቱ ኦፔራ መድረክ ላይ አያስወጣውም አለ።

ገንዘብ ስለተረፈው እንዳይመስልህ። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በሚናገሩት በይዲሽ ቋንቋ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ከሰረ፣ በ1925 መክሰሩን በሕግ አሳወቀ። ዕዳውን ለመክፈል ዘፈን፣ ቀልድና አክሮባት ተደባልቆ በሚታይባቸው ቲያትር ቤቶች እየዞረ ዘፈነ። አዎ፣ ዘፈነ! ሰንበትን ግን አልነካም። በ1927 በወጣው «ዘ ጃዝ ሲንገር» ፊልም ላይም ይታያል፤ የሚዘፍነው ግን ራሱን ሆኖ ነው፣ የይዲሽ መዝሙር። ጸሎቶችንም በሸክላ አስቀርጿል።

እንግዲህ እኔ እንደሚገባኝ፣ ሰውዬው የሸሸው ገንዘብን ወይም መድረክን አይደለም። ሌላ ሰው መምሰልን ነው። ጉባኤው «ስለ እኛ ቁም» ብሎ የላከው ሰው፣ በሳምንቱ ቀለም ተቀብቶ ሲተውን ቢታይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሲያለቅስ ማን ያምነዋል? ቲያትር ቤትም ፊልም ላይም የቆመው ያው ዮሴሌ ነው፣ ከነጺሙ። ይህን ሳስብ ሰውዬውን ከልቤ አከብረዋለሁ። በ1933 ለፊልም ሥራ ቅድስት አገር ሄዶ በ51 ዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ አረፈ፤ የተቀበረውም ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ነው።

ያንተ ነገር ደግሞ ከዘፈኑም በፊት ቀኑ ያሳስበኛል። ቅዳሜ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ልትቆይ ነው? እሑድ ሌሊት ለኪዳን፣ ከዚያም ለቅዳሴ በየትኛው ጉሮሮና በየትኛው ጾም ልትቆም? ለሆቴሉ ቃል ከመግባትህ በፊት የንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ፣ መሪጌታህንም አማክር፤ ዮሴሌም ብቻውን አልወሰነም። ከዚያ የነገሩህን ጻፍልኝ።