ቁም ሳጥን ውስጥ የታፈነው እንጉዳይ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ወንድሜ «ለጾሙ ይሆንሻል» ብሎ ዘሩ ጭድ ውስጥ የተዘራበት የኦይስተር እንጉዳይ ከረጢት ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ጨለማ ይወዳል ሲሉ ስለሰማሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በቀለልኝ፤ ግን እግሩ እንደ ጣት ረዝሞ ባርኔጣው የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ቀረ። አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነገር አየሁ። አማቴም «የጅብ ጥላ እዚህ ቤት አይበስልም» ብለዋል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ዛሬውኑ ከቁም ሳጥኑ አውጪው። ታፍኗል። እንጉዳይ እንደኛው ኦክስጅን ይስባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። በዝግ ቦታ የተቃጠለው አየር ሲጠራቀምበት እግሩ ወደ ላይ ይረዝማል፣ ባርኔጣው ሳይዘረጋ ይቀራል። እኔም አዘዞ ቤቴ የመጀመሪያ ከረጢቴን ጓዳ ውስጥ፣ ከመሶቡ ኋላ ሸጉጬው ልክ ያንቺው ዓይነት በቀለብኝ። መስኮት አጠገብ ሳዞረው የሁለተኛው ዙር ባርኔጣ መዳፌን አከለ።

ጨለማ የሚባለው ከዘሩ የሚወጣው ነጭ ድር ጭዱን እስኪወርሰው ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃን ይፈልጋል፤ ጋዜጣ የሚያስነብብ ያህል ይበቃዋል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው፣ ከሰል ከምታቀጣጥዪበትም አርቂው። የረዘሙትን ነቅለሽ አንሺና አዲስ ይውጣ።

ቀጥሎ እርጥበቱ። ዐቢይ ጾም የሚውለው የኛ አገር አየር ደረቅ በሚሆንበት ወቅት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይሞቃል። እንጉዳይሽ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ቢያገኝ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ከቤትሽ ቀዝቀዝ ያለውን ክፍል ምረጪለት። ፀጉር ቤት የሚይዙትን ዓይነት የውሃ መርጫ ግዢ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ዙሪያውን እንደ ጉም ንፊለት፤ ቡቃያው ላይ ግን ውሃ አታንቆርቁሪ፣ ይበሰብሳል። እኔ እርጥብ ጆንያ ጎኑ ላይ እሰቅላለሁ፤ ከረጢቱን አይነካውም፣ አየሩን ግን ያረጥበዋል። ውሃ ለሚጠፋበት ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት እይው። መጀመሪያ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ምስር ያክላሉ፣ ከዚያ በየቀኑ እጥፍ ሲሆኑ በዓይንሽ ታያለሽ። ነጥቦቹ ከታዩ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይደርሳሉ። የባርኔጣው ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ በፊት እቅፉን በሙሉ ይዘሽ ጠምዘዝ አድርገሽ ንቀይ። ካሳለፍሽው ነጭ ዱቄት ይረግፍበታል፤ ይህ ዱቄት ሲበዛ ሳንባ ያስቆጣል፣ አስም ያለበት ሰው ካለ በተለይ ተጠንቀቂ።

አረንጓዴው ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ ነው። ጭዱን ከእንጉዳዩ ጋር ይሻማል። ከረጢቱን ቤት ውስጥ አትክፈቺው። የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ ከሆነ በረንዳ ላይ አውጥተሽ ተከታተይው፣ ከዚያ ጥግ የበቀለ ግን አትብዪ። እየሰፋ ከሄደ አትሳሺለት፣ ጓሮ ቅበሪው።

አማትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው፤ እውነት አላቸው። በክረምት ሜዳ ላይ ከሚበቅለው መካከል ብናበስለውም መርዙ የማይለቅ አለ። ከረጢቱ ውስጥ የተዘራው ግን ዘሩ የታወቀ ነው፤ ይህን ረጋ ብለሽ አስረጂያቸው። ከዚያው ከረጢት መልኩ የተለየ፣ ቀጭንና ጠቋሪ ነገር ቢወጣ ግን አንቺም እንዳትቀምሺው።

ሲደርስ በእጅሽ ሰንጥቂው። ዘይት ሳታደርጊ መጥበሻ ላይ ጣይውና ውሃውን ይጨርስ፤ ከዚያ ነው ሽንኩርቱና ዘይቱ፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያው። መጀመሪያ ዘይት ካፈሰስሽ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ከለቀምሽ በኋላ ከረጢቱን አትጣይው። አንድ ሁለት ሳምንት ይረፍ። ከዚያ በሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ሙይና ሲመሽ ንከሪው፤ ስለሚንሳፈፍ እኔ የሙቀጫ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ጠዋት አንጠፍጥፈሽ መስኮቱ ጋ መልሺው። ሁለት ሦስት ዙር ይሰጥሻል፣ በየዙሩ እየቀነሰ። ሲያበቃለት ጭዱን ከጎመንሽ ሥር በትኚው። የሁለተኛው ዙር ባርኔጣ ስንት ጣት እንደሰፋ ጻፊልኝ።