«በቀን ስምንት ሕፃናት አላየሽም» ተብዬ ውጤቴ ዝቅ አለ፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦ በሕፃናት ሕክምና ክፍል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። በዓመታዊ ምዘናዬ «ከሚጠበቀው በታች» ተባልኩ። በቀን ስምንት ልጆች ማየት ነበረብሽ ነው የሚሉት፤ ቁጥሩን ግን ያየሁት ምዘና ቅጹ ላይ ነው። አስተዳደራዊ አለቃዬ ደግሞ ሥራሽን ልፈትሽ፣ የልጆቹን የምክክር ማስታወሻ አምጪ ብሎኛል። ልፈርም? ሊያሰናብቱኝስ ይችላሉ?

መልስ፦ ይፈርሙ፤ ግን ከፊርማዎ ጎን «ደርሶኛል፤ በውጤቱ አልስማማም» ብለው ቀን ይጻፉበትና ኮፒውን ይያዙ። አልፈርምም ብሎ መውጣት ጥፋት ለሚፈልግ አለቃ ጥፋት ማቀበል ነው።

አሠሪ ሥራን የመመዘን መብት አለው፤ እሱን አይሟገቱ። መሟገቻዎ «መለኪያው መቼ ተነገረኝ? ከሥራ መዘርዝሬስ ጋር ይገናኛል?» የሚለው ነው። የኢንሱሊን መርፌ የሚፈራ ልጅ እንበል። አንድ ቀን ፍርሃቱ እንዲለቀው ከእርስዎ ጋር ባዶ ሲሪንጅ ይዞ አሻንጉሊቱን ሲወጋ ይውላል፤ በማግስቱ እናቱን ማነጋገር፣ ከነርሷ ጋር መስማማት፣ ትምህርት ቤቱ ጋር መደወል አለ። ቅጹ ላይ ይህ ሁሉ «1 ታካሚ» ነው። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ሥራዎን በሰዓት ከፋፍለው በሠንጠረዥ ያቅርቡ፤ የልጅ ስም ግን አይግባበት።

ስንብትን በተመለከተ የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158 በአንቀጽ 7፣ ከጠባብ ልዩ ሁኔታ በቀር፣ ሠራተኛ መልስ የመስጠት ዕድል ሳያገኝ በሥራ አፈጻጸም ምክንያት አይሰናበትም ይላል። አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 ደግሞ ተገቢ መመሪያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና በቂ የማሻሻያ ጊዜ እንዲቀድም ይጠይቃል። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው፤ ምክረ ሐሳቡ አያስገድድም። ስለዚህ የአገርዎን የሥራ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነቱንና የተቋሙን የውስጥ ደንብ ይመልከቱ፤ በተለይ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን እንዳያልፍብዎ።

ማስታወሻው ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። አለቃነት ብቻውን የልጅን ምስጢር አያስከፍትም። ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርጉልኝ ይበሏቸው፤ የልጆቹ ስም በተሸፈነበት ናሙና ሥራዎን የሙያ አጋርዎ እንዲገመግመው ሐሳብ ያቅርቡ። እርስዎም ቢሆኑ ለማስረጃ ብለው ፋይሉን በስልክ ፎቶ እንዳያነሱ። በምዘናው የረታ ሰው በዚያች ፎቶ ምክንያት በዲሲፕሊን ሊከሰስ ይችላል።