የፅንሱ ኩላሊት አብጧል ለተባልሽው እህቴ

ከኮምቦልቻ የጻፍሽው እህቴ፣ አብሽሪ። በ30ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ የልጅሽ ግራ ኩላሊት አብጧል ተብለሽ፣ «ውሃ ስላልጠጣሁ ይሆን? ኦፕሬሽን ያስፈልገው ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚህ ሐይቅ ሆኜ ይሄንኑ ሰምቼ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ያንቺ ጥፋት አይደለም። ውሃ ስላልጠጣሽ ወይም ሥራ ስለበዛብሽ የመጣ ነገር አይደለም። ሽንቱ ወደ ፊኛ በደንብ ሳይወርድ ሲቀር፣ ወይም ወርዶ ወደ ላይ ሲመለስ ነው ኩላሊቱ የሚያብጠው። ቀለል ያለው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ግን «አብጧል» የሚለውን ብቻ ይዘሽ አትውጪ። ኩላሊቱ ውስጥ ሽንት የሚጠራቀምበት ቦታ ስፋቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አጽፊ። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ይፈልጋል። የኔ ልጅ 9 ነበር። የእንሽርት ውሃውንም ጠይቂ። አሁን ባለሽበት ጊዜ አብዛኛው የፅንሱ ሽንት ስለሆነ፣ አለመቀነሱ ደግ ምልክት ነው። ወንድ ሆኖ ሁለቱም ኩላሊት ካበጡ፣ ፊኛው ከተወጠረ ወይም ውሃው ካነሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ሪፈር አጽፈሽ ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል ሂጂ።

እኔን ያቃጠለኝ ከወሊድ በኋላ የሆነው ነው። በተወለደ ማግስት በአልትራሳውንድ ታየና «ምንም የለበትም» አሉኝ። ገንፎው ተገነፋ፣ እልል ተባለ፣ እኔም ረሳሁት። ለካ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሕፃን ሽንቱ ትንሽ ስለሆነ እብጠቱ ላይታይ ይችላል። 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ መደገም ነበረበት። ማንም አልነገረኝም።

በሦስት ወሩ ትኩሳት ያዘው። አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ሊቀጥፉ ወጡ። እኔ ግን ሰውነቱ እንደ ምጣድ ሲፋጅብኝ አዝዬው ደሴ ሄድኩ። ነርሷ በቀጭን ቱቦ ሽንቱን ስትወስድ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሽንቱ ደፍርሶ ነበር። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፣ ተኝቶ ታከመ። እብጠቱም እዚያው ነበር።

ስለዚህ ከወለድሽ በኋላ ትኩሳት ካየሽበት የዚያኑ ቀን ውሰጂው፣ «ኩላሊቱ ያበጠ ነበር፣ ሽንቱ ይመርመርልኝ» በይ። ያረገዝሽ ጊዜ የተሰጠሽን የአልትራሳውንድ ወረቀት አትጣይ።

የኔው አሁን ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ያለ ኦፕሬሽን እብጠቱ እየቀነሰ መጥቷል፤ አሁንም እናስመረምረዋለን። የሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሲደርስ ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ እየጠበቅኩ ነው።