ወንበር ላይ የሚነጋ ሌሊት

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ትዕግስቴ አልቆ ነው የምጽፍልዎ። የባለቤቴ እህት አላስቀምጥ አለችኝ። ከ2 ወር በፊት ሌሊት ወደ ቀኝ ስገላበጥ ቤቱ ዞረብኝ። ጣሪያው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም። አስመለሰኝ። ሐኪሙ «የውስጥ ጆሮሽ ጠጠር ቦታውን ለቆ ነው» ብሎ አስተኝቶ ጭንቅላቴን ወዲህ ወዲያ አዞረልኝ፤ ማዞሩ ቆመ። እሷ ግን «የጆሮ ጠጠር የሚባል በሽታ የለም፣ ሥራ ጠልታ ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ከፊራ ገበያ ቀስ ብዬ ስራመድ «ሙሽራዋ መጣች» ትላለች። ቡና ላይ ሳይቀር! ባለቤቴም ሰምቶ ዝም። በእርግጥ እኔም እስካሁን የማድረው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፣ ለጥንቃቄ። እናቴ ሐረር ናት። የደንገጎን ጥምዝምዝ መንገድ ፈርቼ ካየኋት 2 ወር ሆነኝ። ልሂድ ወይስ ይመለስብኛል?

ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣

የባልሽን እህት ተያት። እኔን ያንገበገበኝ ወንበሩ ነው። በድሬ ሙቀት 2 ወር ሙሉ ተቀምጦ ማደር! ማን አዘዘሽ?

ጠጠሮቹ ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶች ናቸው፤ ሁላችንም ጆሮ ውስጥ አሉ። ከቦታቸው ተነቅለው የጭንቅላትን መዞር ወደሚለዩት ቱቦዎች ሲገቡ ነው ቤቱ የሚዞረው። ሐኪሙ ወደ ቦታቸው መለሰልሽ። ከዚያ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ትንሽ የመንሳፈፍ ስሜት ይቀራል። እሱን የሚያጠፋው መንቀሳቀስ ነው። አንገትሽን ካሰርሽው አእምሮሽ ሚዛኑን በምን ይልመድ?

እናቴን ይኸው ሕመም ይዟት ነበር። በፍርሃት አንገቷን አድርቃ ትከሻዋ ሁሉ ታመመ። ለዚህ ነው የምቆጣሽ። ዛሬ ማታ አልጋሽ ላይ ተኚ። ባልሽ አጠገብሽ ይሁን፣ እጅሽን ይያዝ። ቀስ ብለሽ ወደ ቀኝ ዙሪ። ቢያዞርሽ ብዙውን ጊዜ ከ1 ደቂቃ አያልፍም።

አዎ፣ ሊመለስ ይችላል፤ አልዋሽሽም። ከተመለሰ ያንኑ ሕክምና ይደግሙልሻል፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ምላስሽ ከተሳሰረ፣ እጅ እግርሽ ከዛለ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ሆስፒታል።

ደንገጎ ያቅለሸልሽሽ ይሆናል። ጠጠሩ የሚያስቸግረው ግን በአብዛኛው ስትተኚ፣ ስትገላበጪና ሽቅብ ስታዪ ነው። ሚኒባሱ ላይ የፊት ወንበር ያዢ፣ ዓይንሽን ሩቅ ጣይ። ለቅዳሜ ተነሺ። እናትሽ ማታ ስታነጥፍልሽ «ወንበር ይበቃኛል» እንዳትያት።