የራባችሁ ቀን አትፈርሙ

ሙዚቃ የምትጫወቱ ልጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማታ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ ፊልም አየሁ። አብሮኝ ያየው ከበላዬ ፎቅ የሚኖር ማሲንቆ ተጫዋች ልጅ ነው። ፊልሙ «ኢንሳይድ ሉዊን ዴቪስ» ይባላል። የኮኤን ወንድማማቾች እንደ ፈረንጆቹ በ2013 የሠሩት ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1961፣ ቦታው ኒውዮርክ፣ ወቅቱ የበረዶ ነው። ሉዊን በጊታር የባላገር ዘፈን ይዘፍናል። ቤት የለውም፤ ዛሬ አንዱ ጓደኛው ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ ሶፋ ላይ ያድራል። ደህና ካፖርት እንኳ የለውም። አብሮት ይዘፍን የነበረው ጓደኛው ራሱን አጥፍቷል። ድምፁ ግን ልብ ይሰርቃል። የሚዘፍነው ተዋናዩ ኦስካር አይዛክ ራሱ ነው።

በዚያ ብርድ እስከ ቺካጎ ተጉዞ ለአንድ የሙዚቃ ነጋዴ ብቻውን ይዘፍንለታል። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ብዙ ገንዘብ እንደማይታየው ይነግረዋል። እዚህ ላይ ልጁ ፊልሙን አቆመው። «ጋሼ፣ እኔንም እንዲህ ብለውኛል» አለኝ።

እኔን የነካኝ ሌላው ቦታ ነው። ሉዊን ስቱዲዮ ገብቶ አንድ የቀልድ ዘፈን ያጅባል። ያን ቀን ብር በጣም ቸግሮታል። ስለዚህ እጅ በእጅ ተቀብሎ ሮያሊቲውን፣ ማለትም ዘፈኑ በተሸጠ ቁጥር የሚደርሰውን ድርሻ፣ ይተወዋል። ኋላ ሰዎች ከዘፈኑ ብዙ እንደሚያገኝ ሲነግሩት ፊቱን እዩት።

ያን ፊት አውቀዋለሁ። በካሴት ዘመን ድምፅ ቀራጭ ነበርኩ። አንድ አዝማሪ ከገጠር መጣ። ማሲንቆው የፈረስ ጭራዋን አንድ ክር ይዛ እንዴት እንደምታለቅስ አሁንም ይሰማኛል። ምሳ ሳይበላ ስምንት ዘፈን ቀረጽን። ሲመሽ ካሴቱን የሚያሳትሙት ሰዎች ጥቂት ብር ሰጥተው አስፈረሙት። ወረቀቱን ማንም አላነበበለትም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ እኔም አላነበብኩለትም። ካሴቱ በየታክሲው ሲከፈት ሰውየው በእግሩ ይሄድ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዛሬ ሕግ አለላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲም ለከዋኝም (ለሚዘፍነው፣ ለሚጫወተው) መብት ይሰጣል። ግን በገዛ እጃችሁ ፈርማችሁ ከሰጣችሁት ሕጉ ብዙም አያድናችሁም። «አሁኑኑ ፈርም» ካሏችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ። እደሩበት። ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። «ሙሉ በሙሉ» እና «ለዘለቄታው» የሚሉ ቃላት ላይ ቆም በሉ። ዩቲዩብ ላይ የሚጭነው ማን ነው? ገቢውስ ለማን ይገባል? ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ሌላ የሚያበላ ሥራም ይኑራችሁ። ሱቅ መጠበቅም ይሁን ሕፃናት ማስተማር፣ ሙዚቃን መክዳት አይደለም። ምሳውን የበላ ሰው «ነገ እመለሳለሁ» ለማለት አቅም አለው።

እሑድ ጠዋት ልጁ በሬን አንኳኳ። ውል ይዞ መጥቷል፤ አራት ገጽ ነው። ቡና አፍልተን ማንበብ ጀመርን። እስካሁን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን።