ማብሪያ ቁልፉ የተሰበረ ላፕቶፕን ከማዘርቦርዱ ማስነሳት

መምህር፣ አብሽሩ። «ደል ላቲቲዩድ ላፕቶፔ ወድቆ ማብሪያው ከነኬብሉ ተበጠሰ፤ የተማሪዎቼ ውጤት ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ወልድያ ላይ መለዋወጫ አጣሁ። ያለ ቁልፉ ማስነሳት ይቻላል?» ላሉት፣ አዎ ይቻላል። ደሴ ፒያሳ ጥገና ላይ ስለምሠራ ይህ ብልሽት በየጊዜው ይገጥመኛል።

የሚፈልጉት ውጤቱን ብቻ ከሆነ ዲስኩን አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር መክፈት ይቀላል። በቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክን በሚቆልፍበት ዘዴ) የተቆለፈ ከሆነ ግን የመክፈቻ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ከሌለዎት ማሽኑን ራሱን ማስነሳት ይሻላል።

ማብሪያው ዋናውን ኃይል አያሳልፍም። ቻርጀር ሲሰካ ቦርዱ ላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የማይጠፋ ኃይል አለ፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ 3.3 ቮልት ገደማ የያዘ አንድ መስመር ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ሲጫኑት መስመሩ ለቅጽበት ከግራውንድ (ከቦርዱ ዜሮ ቮልት መስመር) ጋር ይገናኛል፤ ተቆጣጣሪው ቺፕ ቮልቱ መውረዱን አይቶ የቀረውን ያስነሳል። የእርስዎ ሥራ ያን መስመር ማግኘት ነው።

እዚህ ላይ እባክዎ አይቸኩሉ። የተበጠሰውን የማብሪያ ሰሌዳ አይጣሉት። ባትሪውና ቻርጀሩ ተነቅለው ሳለ፣ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያውን) ድምፅ በሚሰጠው መለኪያ ላይ አድርገው የቁልፉ እግሮች ከየትኛው የኬብሉ ጫፍ ጋር እንደሚገናኙ ይከታተሉ። አንደኛው ግራውንድ ነው፤ ሌላኛው የምንፈልገው ነው። ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተው በማዘርቦርዱ ሶኬት ላይ ያንኑ እግር ይለኩ። ቮልት ከሌለው ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም፤ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ካለው በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ከግራውንድ ጋር ለአንድ ሰከንድ ያህል ያስነኩት። ብዙ ሰው በባዶ ወረንጦ ያገናኛል፤ እኔ አልመክርም። በዚያው ሶኬት ላይ ለጠቋሚ መብራቱ ኃይል የሚወስድ እግር ሊኖር ይችላል፤ እሱን በስሕተት ከግራውንድ ያገናኘ ሰው ደህናውን ቦርድ ያበላሻል። ቁልፍ ብቻ ጎድሎት የነበረ ቦርድ እንዲህ ሞቶ ሲመጣ አንጀቴን ይበላኛል። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ሳይገጠምም ፈጽሞ አያስነሱ።

አንዴ ከተነሳ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ይግቡ። ብዙዎቹ ላቲቲዩዶች «ዌክ ኦን ኤሲ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ ሲበራ ኮምፒውተሩ ቻርጀር በተሰካ ቁጥር በራሱ ይነሳል። መብራት በሚቆራረጥበት በእኛ አገር ግን ኃይል በተመለሰ ቁጥር ማንም ሳያየው ሊነሳ ስለሚችል፣ ሲጨርሱ ቻርጀሩን ይንቀሉ።

ማክቡክ ላላችሁም፦ ከ2016 ወዲህ የወጡት ማክቡክ ፕሮዎች ቻርጀር ሲሰካ በራሳቸው ይነሳሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙዎቹ ላይ የማስነሻ ነጥቦቹን ከኪቦርዱ ሶኬት አጠገብ ፈልጉ።

መምህር፣ ሬዚስተሩን ከተቃጠለ ሬዲዮ ላይም መንቀል ይቻላል። የሶኬቱን ፎቶና ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ይላኩልኝ፤ እግሩን አብረን እንለያለን።